በሐልዮና በገቢር መካከል

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመሰባሰቢያ ቀን የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ስለ ሥራሽ ሃያ ደቂቃ ተናገሪ» ነው ያሉኝ። የውስጥ ደዌ ሐኪም ስለ ሥራዋ ሃያ ደቂቃ ተናገሪ ከተባለች የምትናገረው ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ነው። እሱን ግማሾቻችሁ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ፤ የቀራችሁት ደግሞ፣ ዕድሜያችንን ሳየው፣ መድኃኒቱን በኪሳችሁ ይዛችሁ መጥታችኋል። ስለዚህ ትቼዋለሁ። የምናገረው ስለ አረቄ ነው። ስለ አረቄና ስለ ጸሎት።

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው። ለማታውቋት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከበላይዋ ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሞ ብርዱን ይልክባታል። በዚህ አገር ገብሱም ዳጉሳውም በቆሎውም ከብቅልና ከጌሾ ጋር ሲገናኝ ጠላ ይሆናል፤ ድፍድፉ እሳት ላይ ሲወጣ ደግሞ አረቄ። ጠላ ቢጠነክር 6 በመቶ ያህል አልኮል ቢይዝ ነው። ዳግም የወጣ አረቄ ግን ከ40 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ሁለቱንም «መጠጥ» ብለን በአንድ ስም መጥራታችን ብዙ ሰው አሳስቷል። «ለብርድ ነው» ይሉኛል። አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች ያሰፋና ሙቀት የተሰማን ያስመስላል እንጂ፣ በዚያው ሰዓት ሙቀታችንን ለብርዱ እየሰጠነው ነው። ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ፣ ስንት ሰውም በትሕትና ሰምቶኝ እንደሄደና እንደጠጣ እግዜር ይቁጠረው።

እኔ ዘንድ የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ ሃይማኖተኛ ነው። ቅዳሜና እሑድ ኪዳን የሚያደርስ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም፣ አንዳንዱም ካህን ወይም መሪጌታ። ሃይማኖት የለሽ ሰካራም በእኛ አገር በጣም ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ከመጠጥ ቤት ራቅ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው። ችግሩ የእሱ መጠጥ ቤት ብቻ አይደለም። ሰንበቴው አለ፣ የጽዋ ማኅበሩ አለ፣ ተዝካሩ፣ ክርስትናው፣ ሠርጉ አለ። «ከሰንበቴ ራቅ» ካልኩት ከደብሩ፣ ከጎረቤቱና ነገ ከሚቀብረው ሰው ራቅ ማለቴ ነው። አይሆንም። እኔም ብሆን አልሰማም።

እዚህ ላይ የራሴን ቤት ላምጣ። ከእናንተ ጥቂቶቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለብዙዎቻችሁ ግን አልነገርኳችሁም ነበር።

አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ቤታችን ዙሪያውን የተማሪ ጎጆ ስለነበር እኔም ከተማሪዎቹ አፍ ሰምቼ «የኔታ» እያልኩ ነው ያደግሁት፤ «አባባ» ብዬ የጠራኋቸው ጊዜ ትዝ አይለኝም። የኔታ ይጠጡ ነበር። መጀመሪያ ከማኅሌት በኋላ፣ ቀጥሎ ከማኅሌት በፊት፣ በመጨረሻም ማኅሌት ኖረም አልኖረም። ተማሪዎቻቸው ይወዷቸው ስለነበር ደብቀውላቸዋል። እናቴም ደብቃላቸዋለች። በፍቅር የሚደበቅ በሽታ ስንቱን ቤት እንደጨረሰ ሐኪም ሆኜ ነው ያየሁት።

እኔ እዚህ የሕክምና ተማሪ ሳለሁ የኔታ ቆርጠው ተነሡ። አረቄ ተገዘቱ። በንስሐ አባታቸው ፊት ግዝት ገብተው፣ ከዚያው ሳይመለሱ ጸበል ወረዱ። በሁለተኛው ሌሊት ሰውነታቸው ተንቀጥቅጦ ወደቁ፤ አረፋ ደፈቁ፤ ሲነቁም የሌለ ሰው ያነጋግሩ ነበር። አብረው የነበሩት «ወጣላቸው» ብለው እልል አሉ። ስልክ እንደ ዛሬው በየኪሱ አልነበረምና እኔ የሰማሁት ከሳምንታት በኋላ ነው። በዚያው ሌሊት ሊሞቱ ይችሉ እንደነበር የገባኝም እኔን ብቻ ነበር።

ግን ተረፉ። ሰባት ወር ያህል አንዲት ጠብታ አልቀመሱም። እናቴ በነዚያ ወራት የጻፈችልኝን ደብዳቤ፣ ማለትም ተማሪ እያስጻፈች የላከችልኝን፣ እስካሁን አስቀምጬዋለሁ። ከዚያ የአንድ ወዳጃቸው ተዝካር ሆነ። አንዲት መለኪያ ቀረበች። አንዲት ብቻ። በማግሥቱ የኔታ ለእናቴ የነገሯት ይህን ነው፤ «ግዝቴን አፍርሻለሁ። ካፈረስኩ ወዲያ አንዱም አሥሩም ያው ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ከበፊቱ የባሰ ጠጡ።

ለእረፍት ስሄድ አገኘኋቸው። አምስት ዓመት ሕክምና የተማርኩ ልጅ ነኝ፤ ስለ ጉበት ጠባሳ በቃሌ እጥራለሁ። ፊታቸው ቆሜ ምን አልኳቸው መሰላችሁ? «የኔታ፣ እምነትዎ የት ሄደ?» አልኳቸው።

አልመለሱልኝም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ወደ ደጅ ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ሞቱ።

የኔታ «አንዱም አሥሩም ያው ነው» ያሏት ነገር በሕክምናው ዓለም ስም እንዳላት ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አለን ማርላት የሚባል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ሊቅ፣ ከጁዲት ጎርደን ጋር በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ማገርሸት ጽፏል። ከነገሩ ሁሉ እኔን የመታኝ ይህ ነው፤ ሙሉ በሙሉ እተዋለሁ ብሎ የማለ ሰው አንዴ ሲሳሳት፣ የሚጥለው አንዲቷ መለኪያ ሳትሆን ከመለኪያዋ በኋላ ስለ ራሱ የሚያስበው ሐሳብ ነው። «አበቃልኝ፣ እኔ ድሮም እንዲህ ነኝ» ይላል። ኀፍረቱን ለማስረሳት ደግሞ ቅርቡ ያለው መድኃኒት ያው አረቄው ነው። እኔ የኔታን በጠየቅኋቸው ጥያቄ ያደረግሁት ምን እንደሆነ አስቡት። አንድ መለኪያ ቀድቼ እንደሰጠኋቸው ነው የምቆጥረው።

ግዝት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በግዝት የዳኑ ሰዎች አውቃለሁ፤ በየመንደራችሁም አሉ። ስለት በእኛ ሰው ላይ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማየት ፍቅር እስከ መቃብርን ማስታወስ ይበቃል፤ በዛብህ ያልተሳለውን፣ ወላጆቹ የተሳሉለትን ስለት ተሸክሞ ነው የሚኖረው። ያለ ክብደት ግዝት ግዝት አይሆንም። እኔን የሚያሳስበኝ ግዝቱ ስለማያስተምረው ነገር ነው።

ይህን ያየሁት በዐቢይ ጾም ነው። በየዓመቱ አንዳንድ ከባድ ጠጪዎች ጾም ሲገባ ይተዋሉ። 55 ቀን። ቀልድ አይደለም፤ በየትኛውም አገር ያለ የሱስ ሐኪም 55 ቀን ሙሉ የሚታቀብ ታካሚ ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። በፋሲካ ሳምንት ተረኛ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? ሰውየው 55 ቀን ያልነካውን በሦስት ቀን ሊያካክስ ሲሞክር ነው የሚያመጡልን።

ታዲያ 55 ቀን የቻለ ሰው በ56ኛው ምን ነካው? ብዙ ዓመት መልሱን «ፈቃደ ደካማነት» እያልኩ አለፍኩት። ሰነፍ መልስ ነው። አንዱን ታካሚ ቁጭ አድርጌ «በጾሙ ውስጥ ሲያምርዎት ምን ያደርጉ ነበር?» ብዬ ስጠይቀው «አላሰብኩትም፤ ጾም ነዋ!» አለኝ። የጠበቀው ቀኑ ነበር ለካ። አጥሩ ከውጭ ነው የታጠረው። አምሮቱን አንድም ቀን ፊት ለፊት አላየውም፤ አጥሩ ሲነሣ ሁለቱ እንደ አዲስ ተገናኙ።

አምሮቱን ፊት ለፊት ማየት ወደምለው ነገር ልምጣ። ፈረንጆቹ ማይንድፉልነስ ይሉታል። በአማርኛ የረጋ ስም ገና ስላላገኘ እኔ «ልብ ማለት» እያልኩ ነው የማስተምረው፤ ገበሬው ሳላብራራለት የሚገባው እሱ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። አሁን በሰውነትህና በሐሳብህ ውስጥ የሚሆነውን፣ ሳትሸሸውም ሳትከተለውም፣ ልብ ማለት። ከቡድሂስቶች የተመስጦ ልማድ ተወስዶ ወደ ሕክምና የገባው በይበልጥ ጆን ካባት ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. ማሳቹሴትስ በጀመረው ሥራ ነው። ወደ ሱስ ሕክምና ያመጡት ደግሞ እነ ማርላትና ሣራ ቦወን ናቸው። ቦወንና ባልደረቦቿ በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት 286 ሰዎችን ይዞ ነበር፤ ከመጀመሪያው የሱስ ሕክምና የወጡትን በሦስት ከፍለው ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። በዓመቱ መጨረሻ ልብ ማለትን የተማሩት ከሌሎቹ ሁለት ወገኖች ይልቅ የወሰዱባቸው ቀናት ያነሱ፣ ከባድ መጠጥም የቀነሰላቸው ሆነው ተገኙ። ተአምር አይደለም። ግን ለእኛ ሙያ፣ በአንድ ዓመት ርቀት ላይ የሚቆይ ልዩነት ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ይህን ይዤ ደብረ ማርቆስ ላይ ልጀምር ስል ያልጠበቅሁት ችግር ገጠመኝ። አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣችና «ዶክተር፣ ይሄ ነገር የባዕድ አምልኮ ነው አሉን፤ እውነት ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። መልስ ፍለጋ በአካባቢያችን መጻሕፍተ መነኮሳትን የሚያስተምሩ አንድ አባት ዘንድ ሄድኩ። ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን ማለቴ ነው። አክፋይ ላይ ተቀምጬ፣ ከቦርሳዬ ወረቀት አውጥቼ፣ የአሜሪካኖቹን ጥናት በአማርኛ ሳስረዳቸው በትዕግሥት ሰሙኝና ሳቁ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ይኸንን ፍለጋ ነው አሜሪካ ድረስ የሄድሽው?»

ከዚያ የነገሩኝን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ አላስተዋልኩትም እንጂ። ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር እንደሚሠራ ሁላችንም ተምረናል። በማሰብ፣ በመናገር፣ በማድረግ ማለት ነው። እኔ ይህን እንደ ክስ ዝርዝር ነበር የማውቀው። እሳቸው እንደ መንገድ አሳዩኝ። ነገሩ ከሐልዮ ተነሥቶ ወደ ገቢር ይሄዳል፤ በመካከሉ ጊዜ አለ። የመነኮሳቱ ሥራ በዚያች ጊዜ ላይ መንቃት ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ የኖረው ኤቫግሪዮስ መነኩሴን የሚፈትኑትን ሐሳቦች ስምንት ብሎ ቆጥሯቸዋል፤ ከሆዳምነት ጀምሮ እስከ ትዕቢት። በመካከላቸው በቀትር የሚመጣውን ስልቹነት ሳይቀር ጽፎታል፤ ፀሐይዋ አልሄድ ያለችበትን፣ በዓት የጠበበበትን ሰዓት። የምሳ ሰዓት የተመላላሽ ክፍል ውስጥ ያለችን ሐኪም ያየ ይመስላል። እያንዳንዱን ሐሳብ በስሙ መጥራት የውጊያው መጀመሪያ ነበር።

ቋንቋውንም አስተውሉት። መነኮሳቱ ፈተናውን «ጾር» ይሉታል፤ «ጾር ተነሣበት» ይባላል። ጫት ቃሚውና ጠጪው ደግሞ «ሐራራው ተነሣብኝ» ይላል። ሁለቱም ተነሣ ነው የሚሉት። ሐራራ ሠራህ፣ ሐራራ አደረግህ የሚል የለም። የተነሣ ነገር ደግሞ ይቀመጣል። ገዳሙም ጫት ቤቱም ይህን ሳያውቁ ተስማምተዋል።

ከእኚህ አባት ጋር ያልተስማማንበት አለ፤ እሱንም ልናገር። የአሜሪካኖቹ ትምህርት «በሐሳቡ አትፍረድበት፣ ዝም ብለህ እየው» ይላል። እሳቸው ይህን አልወደዱትም። «ከእባብ ጋር ወሬ አይያዝም። ሔዋንን የጎዳት ማየቷ ብቻ አይደለም፣ መነጋገሯ ነው» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ያህል ተመላልሼ ተከራከርን። በመጨረሻ የደረስንበት ለሥራዬ ከጥናቱ በላይ ጠቅሞኛል። ሰውነትህን እየው፣ ከሐሳቡ ጋር ግን አትነጋገር። ምራቅህ ሲሞላ፣ ደረትህ ሲጨነቅ፣ እጅህ ሲቁነጠነጥ እሱን ልብ በለው። «አንዲት መለኪያ ብቻ፣ ዛሬ እኮ ገብርኤል ነው» የሚለውን ድምፅ ግን አትመልስለት። ሐራራ ጥሩ ጠበቃ ነው፤ ክርክር ከገጠምከው ያሸንፍሃል።

ሁለቱ አንድ ናቸው አልልም። የሕክምናው ልብ ማለት የሚያናግረው ማንም የለም፤ የአባቶች ንቃት ግን በአንድ ሰሚ ፊት መቆም ነው። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ለታካሚዎቼም አልሸፍነውም። ለሚጸልይ ሰው ጸሎቱን ይዞ እንዲመጣ እነግረዋለሁ፤ ለማይጸልየው ትንፋሹ ይበቃዋል።

አሁን ምን እንደምናደርግ ልንገራችሁ። ከአንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ጋር በሳምንት አንድ ከሰዓት ጥቂት ሰዎች እንሰበስባለን። ጥናት አይደለም፤ ቁጥር አልሰጣችሁም። መጀመሪያ የማስተምረው በረኃብ ነው። ማርላት ለሰዎቹ አምሮት እንደ ባሕር ማዕበል ነው፣ ይነሣል፣ ጫፍ ይደርሳል፣ ይወርዳል እያለ ያስረዳ ነበር። የጮቄ ሰው ባሕር የት አይቶ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾምን ግን ያውቃል። «ስድስት ሰዓት ላይ ረኃቡ እንዴት ነው?» እላለሁ። «ኧረ ያንገበግባል!» ይሉኛል። «ስምንት ሰዓት ላይስ?» ትንሽ ያስቡና «ይተዋል» ይላሉ። ሳይበሉ ተዋቸው እኮ! ይህን እያንዳንዳቸው ከልጅነት ጀምሮ በሆዳቸው ያውቁታል። አረቄው ላይ እንደሚሠራ ግን የነገራቸው የለም። የአረቄው አምሮት ደግሞ ካልመገብነው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም።

አንድ ቀን ይህን ስናገር ከጨሞጋ ማዶ የሚመጡ አንድ ገበሬ አቋረጡኝ። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ነው የምናገረው። «ዶክተር፣ ይሄማ ጨሞጋ ነው» አሉ። «ሐምሌ ላይ ደራሽ ሲመጣ ማን ይገባበታል? የገባ ይወሰዳል። ተመልሼ ልሂድ ያለም ገበያው ያመልጠዋል። ጋቢን ተከናንቦ ዳር መቀመጥ ነው። ይጎድላል።» ከዚያ ቀን ወዲህ በክፍላችን ውስጥ ማዕበል የሚል ቃል አልተነሣም። «ሞልቷል ወይስ ጎድሏል?» ነው የምንባባለው።

ዳር ሲቀመጡ የሚይዙት ነገር ያስፈልጋቸዋል። መቁጠሪያ ያለው መቁጠሪያውን ይይዛል። 41ዱን የእግዚኦታ ፍሬ አንዱን በአንድ ትንፋሽ፣ ሳይቸኩል። ሰዓት ይዤ ለክቼዋለሁ፤ አራት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ሐራራው ሳይጎድል ካለቀ እንደገና ይጀመራል። እዚህ ላይ አባ ያስጠነቀቁኝን ላክል፤ ቶሎ ቶሎ መቁጠር ጸሎትም ሕክምናም አይደለም። እግራችን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ልባችን ገበያ የሚዞረው ያን ጊዜ ነው።

እኔ ራሴ የተለማመድኩት በምን መሰላችሁ? በስልኬ። ቅዳሴ ቆሜ እጄ ሳላዘው ወደ ቦርሳዬ ሲሄድ ያዝኩት። ለካ ደረቴ ላይ ትንሽ ጭንቀት ትነሣለች፣ ከዚያ ነው እጄ የሚሄደው። ያቺን ጭንቀት እስከዚያ ቀን አይቻት አላውቅም ነበር። የሚጠጣውን ሰው መናቅ የተውኩት በዚያ እሑድ ይመስለኛል። በዚህ ስልክ የውርርድ ሱስ የያዛቸው፣ ማታ ማታ የማይገባ ነገር እያዩ ጠዋት መቅደስ ለመግባት የሚሳቀቁ ወጣት ዲያቆናትም መጥተውልኛል። ከአረቄው ጠጪ ጋር አንድ ወንበር ላይ አስቀምጣቸዋለሁ። የሚነሣው ያው ነው፤ የሚቀመጠውም ያው።

ሰንበቴውንስ? እሱ በልብ ማለት ብቻ አይፈታም። ማኅበርተኛው ሁሉ ዓይኑን አፍጥጦ «ጽዋውን እንዴት ትመልሳለህ» ሲል የሚቆም ልብ ብርቅ ነው። ስለዚህ የንስሐ አባቱን እንጠራለን። አንድ ቄስ ያደረጉት ደስ ብሎኛል፤ በማኅበሩ ፊት ቆመው «ለእገሌ ብርዝ ይቀዳለት፤ እኔም ዛሬ ብርዝ ነኝ» አሉ። አለቀ። በሁለተኛው ወር ሌሎች ሦስት ሰዎች ብርዝ ጠየቁ። ለካ እነሱም መውጫ ይፈልጉ ኖሯል። አረቄ አውጥተው ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶችን ነገር ግን መፍትሔ አግኝቼለታለሁ ብዬ አልዋሽም። ቀምሰው ካልሸጡ ደንበኛ አያምናቸውም፤ መሸጥ ከተዉ ቤቱ ይራባል። ለእነሱ ትንፋሽ ቁጠሪ ማለት አንዳንዴ ያሳፍረኛል።

ከመውረዴ በፊት ለሙያ ባልደረቦቼ አንድ ነገር። ይህ ሁሉ የሚመጣው ሰውነት ከተረጋጋ በኋላ ነው። በየቀኑ ብዙ አረቄ የሚጠጣ ሰው በአንድ ቀን ቆርጦ ሲተው፣ ከመጨረሻዋ መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊያንቀጠቅጠውና ሊጥለው ይችላል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ደግሞ መቃዠትና ትኩሳት ሊከተል፣ ሊገድልም ይችላል። የኔታን የጣላቸው ይህ ነበር። ዳያዘፓምና ታያሚን ውድ መድኃኒቶች አይደሉም። ሰውየውን «ጸበል አትሂድ» ካላችሁት እናንተ ዘንድ አይመጣም እንጂ ጸበሉን አይቀርም። በ1999 ዓ.ም. አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንዲወሰዱ በይፋ ሲናገሩ ብዙ ነፍስ ተርፏል፤ ያ መንገድ ለአረቄውም ክፍት ነው። እኔ አሁን ከሁለት ጸበል ቦታዎች አገልጋዮች ጋር ስልክ ተለዋውጠናል። ጠጪ ሲመጣላቸው የመጨረሻውን የጠጣው መቼ እንደሆነ ይጠይቁታል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ይደውሉልኛል። አምስት ቀን እኔ ዘንድ ተኝቶ ይመለስላቸዋል። በየምትሠሩበት እንዲህ ያለ አንድ ስልክ ቁጥር ቢኖራችሁ ደስ ይለኛል።

ሌላው የሚሳሳት ታካሚ ሲመጣላችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ ነው። እኔ አሁን «ከመጠጣትዎ በፊት የነበሩትን አሥር ደቂቃዎች ይንገሩኝ» ነው የምለው። ማን ነበረ፣ ሆድዎ ባዶ ነበር ወይ፣ የት ቦታ ነው የተሰማዎት? ሰውየው ማፈሩን ትቶ ማስታወስ ይጀምራል። ለየኔታ ይህን ጥያቄ አልጠየቅኋቸውም።

የጨሞጋው ሰው ባለፈው ዐቢይ ጾም እንደ ሁልጊዜው 55ቱን ቀን ያዙ። እኔ የፈራሁት 56ኛውን ነበር። በፋሲካ ዕለት ረፋዱ ላይ ስልኬ ጮኸ።

«እንኳን አደረሰዎት» አልኳቸው።

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ዶክተር፣ ሞልቷል።»

«የት ነዎት?»

«ዳር ነኝ። ሰዉ ጓዳ ነው፣ እኔ በረት ጋ ወጥቼ ተቀምጫለሁ።»

«መቁጠሪያውስ?»

«ይዣለሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ ነኝ።»

«ብቻዎን ነዎት?»

«ባለቤቴ አለች። ቡና ልታፈላ ከሰል እያቀጣጠለች ነው» አሉና ትንሽ ዝም ብለው፣ «ይብቃኝ፣ ልቁጠርበት» ብለው ስልኩን ዘጉት።